ለነስሩ ያየሁት ከተማ

ጉዞ ዓይን ይገልጣል የሚባለው ውሸት ነው። ጉዞን የሚያወድሱ መጻሕፍት መደርደሪያ ሙሉ አንብቤያለሁ፤ ካሜራ አንግቼ እንደ ቱሪስት ተጉዤም አይቻለሁ። በሕይወቴ የዚያን ጊዜውን ያህል ታውሬ አላውቅም።

ይህን የሚያስጽፈኝ አንድ ፓኬት የደረቀ ማንጎ ነው። ትናንት ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ሰፈር ባለው ቤቴ ማስክ ፍለጋ መሳቢያ ስጎረጉር ከሥር አገኘሁት። አምና ከፊሊፒንስ፣ ሴቡ ከምትባል ጥንታዊ የደሴት ከተማ፣ ለታላቅ ወንድሜ ለነስሩ ያመጣሁት ነው። ስከፍተው የወጣው ሽታ ግን ወደ ሴቡ አልወሰደኝም። በፀሐይ የደረቀ ነገር ሁሉ ሽታው የሚዛመድ ይመስለኛል፤ ካደግንባት ከተማ ከቁሊቶ፣ የአባታችን የበርበሬ መጋዘን ውስጥ ወስዶ ጣለኝ።

ጆንያዎቹ እስከ ጣሪያ ይቆለሉ ነበር። በቆርቆሮው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን ውስጥ ቀይ ብናኝ ሲንሳፈፍ ይታያል፤ ዓይናችን ያነባል፣ አፍንጫችን ይፈስሳል፣ እኛ ግን ከዚያ ንቅንቅ አንልም። ነስሩ ከአሮጌ የጂኦግራፊ መጽሐፍ የገነጠላት አንዲት ገጽ ነበረችው፤ በባሕር ዳር የቆመ የድንጋይ ምሽግ ሥዕል አለባት፣ ከሥሩ ሴቡ ተብሎ ተጽፏል። ጆንያ አናት ላይ ወጥተን እሱ አስጎብኚ፣ እኔ ቱሪስት እንሆናለን። ባሕር አይቶ ስለማያውቅ ቢላቴ ወንዝ በክረምት ሲሞላ እንደሚመስል፣ ግን ማዶ እንደሌለው አድርጎ ይተርክልኛል። ካስነጠስኩ ጉብኝቱ ይቋረጣል። «ቱሪስት አያስነጥስም» ይለኛል ኮስተር ብሎ።

እኔ ስምንት፣ እሱ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነን አባታችን ለሕክምና ሻሸመኔ ሄደ። አንድ ቀን ሰፈሩ በሙሉ በድንገት ደግ ሆነብኝ። አክስቴ ሳልጠይቃት ማር ሰጠችኝ፤ ልብሴን ቀድጄ ገብቼ እንኳ የተቆጣኝ የለም። ነስሩ እጄን ይዞ ጆንያዎቹ ላይ አወጣኝ።

«አባባ ሞቷል» አለኝ። «ነገ ጠዋት ሽማግሌዎች መጥተው ይነግሩሃል። ሲነግሩህ እንዳልሰማህ ሆነህ አልቅስ።»

እንዳለኝ አደረግሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰው ልጅ ለእኔ ሁለት ዓይነት ሆነ፦ የሚደብቀኝ ሰው ሁሉ በአንድ ወገን፣ ነስሩ ብቻውን በሌላው።

ጆሃንስበርግ የመጣነውም ተከታትለን ነው። እሱ ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ጀምሮ ሜይፌር የጨርቅ ሱቅ እስኪከፍት ድረስ፣ ከዚያም በኋላ፣ በየጊዜው የሚታደስ የጥገኝነት ወረቀት ይዞ ኖረ፤ በዚያ ወረቀት ከአገር መውጣት አይቻልም። የእኔ የመኖሪያ ፈቃድ ሲሳካ ግን ከእኔ ይልቅ የተደሰተው እሱ ነበር።

«ሂድና ያቺን ከተማ እይልኝ» አለኝ። «ደግሞ እንደ መጽሐፎችህ አታሳምርልኝ። ያየኸውን ንገረኝ።»

ሄድኩ። ምሽጉ ትንሽ ነበር፤ አንድ ሲጋራ ሳይጨርሱ ዞረው የሚጨርሱት ባለ ሦስት ማዕዘን ግንብ። ከተማዋ የምትኮራበት፣ በመርከብ የመጡ ፈረንጆች የተከሉት የእንጨት መስቀልም አለ። የሚታየው ግን መስቀሉ ራሱ አይደለም፤ ሰው እየፈረፈረ ስለወሰደው በሌላ እንጨት አልብሰውታል። ጎብኚው የሚያየው ልባሱን ነው። ፎቶውን ለነስሩ ላክሁለት፤ ደውሎ ሳቀብኝ። «ይኼን ልታይ ነው ባሕር የተሻገርከው? የአባባ መጋዘን ይበልጠዋል።»

ድምፁን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። ኮሮና ሁለቱንም ከተሞች ዘጋቸው። በረራ ቆመ፣ ሆቴል ውስጥ ቀረሁ። ሚስቱ ዘይነባ ጉሮሮው ስለታመመ መናገር እንደማይችል ነገረችኝ። እኔም በየቀኑ በመስኮቴ ያየሁትን ሁሉ በስልኩ እልክለታለሁ፤ ባዶውን መንገድ፣ ደጃፉ የተዘጋውን ቤተ ክርስቲያን። መልስም ይመጣል፦ «ማሻአላህ፣ ያምራል።» ሰባት ሳምንት ሙሉ፣ ያምራል። ነስሩ በሕይወቱ አንድ ነገር ያምራል ብሎ አያውቅም። የሰው ጽሑፍ ውስጥ ያለቦታው የገባ ነጠላ ሰረዝ የማያልፈኝ ሰውዬ ይህን አላየሁም።

በመጨረሻ በረራ ተገኘ። አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሉኝ ማስክ ያጠለቁ ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። «ነስሩስ?» ስላቸው የአገራችን ሰው ሐጂ ሸምሱ «መጀመሪያ እህል ቅመስ» አሉኝና ቤሪያ ሰፈር ወደሚገኘው አፓርታማቸው ወሰዱኝ። መሰብሰብ በተከለከለበት ወቅት ሳሎኑ ጢም ብሏል። እኔን ናፍቀው የመጡ መሰለኝ። እየበላሁ ሴቡን አስጎበኘኋቸው፣ ምሽጉን ከነትንሽነቱ፣ መስቀሉን ከነልባሱ፤ እነሱም ሳቁልኝ። ማንጎውን ከሻንጣዬ አውጥቼ «ይኼ የነስሩ ነው፣ እንዳትነኩት» ስል ግን ሳቁ ቆመ። አንዲት ሴት ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች።

በማግስቱ ከንጋት ሶላት በኋላ ነገሩኝ። ነስሩ ከተቀበረ ሰባት ሳምንቱ ነው። የቀበሩት አራት ሰዎች ናቸው።

«ባዕድ አገር ብቻህን ሰምተህ እንዳትጎዳ ብለን ነው፣ ልጄ» አሉኝ ሐጂ፣ እያለቀሱ። ልባቸው ንጹሕ ነበር፤ ዛሬም አልጠራጠርም። እኔ ግን ማልቀስ አቃተኝ። ከዚያ በፊት መርዶ ተነግሮኝ ያለቀስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱንም አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስለነበረ።

ማንጎው የመጠቀሚያ ጊዜው አልፏል። መጋዘኑ ፈርሶ ሆቴል ተሠርቶበታል ይላሉ። የምሽጉ ሥዕል ያለባት ገጽ የት እንደገባች ዘይነባ አታውቅም። ይህ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው፣ ወንድሜ አፈር ከለበሰ በኋላ ሰባት ሳምንት ቱሪስት ሆኜ መክረሜ፣ ለሬሳ ከተማ ማስጎብኘቴ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የሞተበትን ያልሰማ ሰው ካላችሁ ጠዋትን አትጠብቁ፣ ምሳ አታብሉት። አሁን ደውሉና ሞቷል በሉት።