ሁሉም አጎቴ ናቸው

ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ፣ ወላጆች ተሰባስበው በተከራዩዋት አንዲት ክፍል ነበር የማስተምረው። ልጆቹ ሰባት ናቸው፤ ሁሉም አእምሯቸው ቀስ ብሎ የሚይዝ፣ ሌላ ተማሪ ቤት አልቀበልም ያላቸው። ፊደልና ቁጥር አስተምር ነበር፤ የምወደው ግን የሐሙሱን ትምህርት ነው። ገላ መታጠብ፣ የወር አበባ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ፣ የትኛው የገላ ክፍል ለማንም እንደማይታይ፣ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር። አንዳንድ እናቶች “ኧረ ነውር ነው!” ይሉኛል። እኔ ደግሞ ንዴቴ ቅርብ ነው፤ “ነውሩስ ሳያውቁ ማደጋቸው!” ብዬ እጮህባቸዋለሁ። ከዚያ አብረን ሻይ እንጠጣለን።

ከሁሉም የምታስቀኝ አንዲት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ የወሎ ሴት ናት፤ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ካሉት ቪላዎች በአንዱ በቤት ሠራተኝነት ትውልና ማታ ጀብራ ሰፈር ወዳለችው ክፍላቸው ትመለሳለች። ልጅቱ ካርቱም ተወልዳ ስላደገች አማርኛና ዐረብኛ ይምታታባታል። ሰው መውደድ ግን ተክናበታለች፤ ያገኘችውን ሁሉ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ጉንጩን ትስማለች።

ባለ ሦስት እግሩ ታክሲ፣ ረክሻ፣ ከተማውን ማጥለቅለቅ በጀመረበት ዘመን ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ወጥታ፣ ጎረቤታቸው መጥታ እስክትወስዳት በር ላይ ቆማ ሳለ፣ አንድ ባለ ረክሻ “ያላ፣ ላድርስሽ?” ቢላት “እሺ ዓሞ” ብላ ገባች። ዓሞ በካርቱም አፍ አጎት ማለት ነው። ሰውየው ደግ ሰው ሆኖ ተገኘ። ቤቷን ማሳየት ቢያቅታት ሰፈሩን ዞሮ ዞሮ፣ የሚያውቋት ሱቅ በር ላይ አወረዳት። እስክናገኛት ግን ነፍሳችን ልትወጣ ነበር።

በማግስቱ እናቷ ዐይኗ አብጦ መጣች።

“እህቴ፣ ወላሂ ከእንግዲህ አልችልም” አለችኝ። “እስከ አረፋ በዓል ልጠብቅሽ። እስከዚያ ሰው መለየት ከተማረች ተማረች፤ ካልሆነ ቆልፌባት ሥራዬን እሄዳለሁ።”

“የገዛ ልጅሽን ልታስሪያት ነው?” ብዬ ተነሣሁባት።

“ምን ላድርግ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብኝ!” አለችና አለቀሰች።

አባት የለ፣ ዘመድ የለ፤ ሥራዋን ብትተው ምን ይበላሉ? ያቺ ሰው ወዳድ ልጅስ ቀኑን ሙሉ አራት ግድግዳ ስታይ ልትውል ነው?

በሐሙሱ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሦስት ክብ ሣልኩ፤ ውስጠኛው የቤተሰብ፣ መካከለኛው የምናውቃቸው ሰዎች፣ የውጭው የማናውቃቸው። ባለ ረክሻ፣ ፖሊስና ዳቦ ሻጭ የተሣሉባቸውን ካርቶኖች ሰጠኋት። አንድ በአንድ ወስዳ ሁሉንም ውስጠኛው ክብ ውስጥ፣ ከእናቷ ሥዕል ጋር ደረደረቻቸው።

“ባለ ረክሻውም?” አልኳት።

“ዓሞ ነው።”

“ፖሊሱስ?”

“አጎቴ!”

“ዳቦ ሻጯስ?”

“ኻልቲ። አክስቴ ናት።”

“አንቺ ልጅ፣ የሱዳን ሕዝብ በሙሉ ዘመድሽ ነው እንዴ?” ብዬ ጮህኩ። በዚሁ መሀል ውሃ ሻጩ አህያውን እየነዳ ሲያልፍ ሰማሁትና እኔው ራሴ ብቅ ብዬ “ዓሞ! ዓሞ! ሁለት ጀሪካን!” አልል መሰላችሁ? ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። እሷ እቴ! ለውሃ ሻጩ የሚሆን ካርቶን ብታጣ አንድ ጫማዋን አውልቃ እሱንም ከቤተሰቡ ጋር አስቀመጠችው።

ጉዴ ፈላ። ያየነውን ሰው ሁሉ አጎቴ፣ እናቴ፣ ወንድሜ እያልን ያሳደግናት እኛው ነን። እንዲህ አትበይ ብላት ደግሞ ባለጌ ትባላለች።

መላው የመጣልኝ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ነው። የሰፈሩ ሼህ ሴት አይጨብጡም፤ ሲያዩኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይላሉ። ስንት ዓመት እንዲያ ሰላም ሲሉኝ አንድም ቀን ቅር ብሎኝ አያውቅም። በስመ አብ፣ ይሄ ከዐይኔ ሥር እያለ! እየሮጥኩ ተመለስኩ። መጠሪያውን ተውኩትና የልጆቹን እጅ ማስተማር ጀመርኩ። እናትን ጉንጯን መሳም። እናት ያስተዋወቀችንን ሰው መጨበጥ። የቀረውን ሁሉ፣ አጎቴ ብንለውም፣ እጅ ደረት ላይ! ልጅቱ ዛሬ የያዘችውን ነገ ትረሳዋለች። እኔ እቆጣለሁ፣ እሷ ትስመኛለች፣ እንደገና እንጀምራለን። እቤቷም እየሄደች ከእናቷ ጋር ማታ ማታ ትለማመድ ነበር።

አረፋ ሊደርስ ሲል እናቷ ልትፈትናት፣ ልጅቱ አይታው የማታውቅ አንድ የአገራችንን ሰው ይዛ መጣች። እናቲቱ ራሷ ከበሩ ጀርባ ተደበቀች። ሰውየው ከረሜላ ይዞ፣ እጁን ዘርግቶ “ነይ የኔ ቆንጆ፣ አጎትሽን ሳሚ!” አላት። ልጅቱ ፈገግ ብላ ሄደችለት። አለቀልን አልኩ። አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች፤ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

“ሰላም ዓሞ” አለችው። ከረሜላውን ግን በግራ እጇ ላጥ አደረገችው። እሱን ሌላ ሐሙስ እናስተምራታለን።

እናቷ እየሳቀች፣ እንባዋንም እየጠረገች ወጣች። “አልሃምዱሊላህ! ከበዓሉ በኋላ ትመጣለች፤ አልቆልፍባትም” አለችኝ። ደስታዬን የት ላድርገው! ሰውየው ሲሄድ እናቲቱ ግን አልሄደችም። ነጠላዋን እያፍተለተለች ቆየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“የምሠራበት ቤት የእመቤቲቱ ወንድም አለ። ሰላም ሲለኝ እጄን ይዞ አይለቅም። ሁለት ዓመቱ። ትናንት ሲመጣ እንደ ልጄ አደረግኩ።”

“ደረትሽ ላይ?”

“ደረቴ ላይ። ሰላምታውንማ ከአገሬ አውቀዋለሁ፤ ለሠራተኛ የሚፈቀድ አልመሰለኝም ነበር።”

“እሱስ ምን አለ?”

“ምን ይላል? ደረቱን ነክቶ አለፈ” አለችኝ። “አንቺ ሴትዮ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?”