የፍንጭቴ ግድግዳ

ድሬ ላይ «እርስዎ» የሚል ሰው ካገኛችሁ ወይ እንግዳ ነው ወይ እናቴ ናት። እኛ ለሽማግሌውም ለአለቃውም «አንተ» ነው፤ ንቀት የለበትም፣ አፋችን የተፈታው እንዲያ ነው። እናቴ ግን ከደገኛ ወላጆቿ የወረሰችውን «እርስዎ» ለማታውቀው ሰው ሁሉ ሳታጓድል ኖራለች። የመርሳት ሕመም ከያዛት ወዲህ ለእኔም «እንደምን አደሩ?» ትለኛለች። ያኔ ፈገግ እላለሁ። ከእሷ የወረስኩትን የፊት ጥርሴን ፍንጭት ስታይ «ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?» ብላ አጠገቧ ቦታ ትለቅልኛለች።

የታመመብኝ እንግዲህ ከሁለቱ የፊት ጥርሶቼ አንዱ ነው።

ከዚራ ሰፈር ያለችው የጥርስ ሐኪም ራጁን አይታ አማረጠችኝ። «ከነቀልነው ዛሬውኑ ትገላገያለሽ። ካልሆነ ነርቩን ገድለን፣ ሥሩን አጽድተን እንሞላዋለን፤ ግን ትመላለሻለሽ፣ ውሎ አድሮም ሊሰበር ይችላል።» ከተነቀለ ሰው ሠራሽ እንደሚተካ ነገረችኝ። «ፍንጭቱ ልክ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ግን አልዋሽሽም» አለች።

ቀፊራ ገበያ ቅመም የምትሸጠው ሶማሌ ጎረቤቴ ምኑ እንደሚያማክር እንኳ አልገባትም። «አቦ ንቀዪው። ያመመ ነገር ምን ይሠራልሻል?» አለችኝና ሳቀች። የእሷ የፊት ጥርስ ከወለቀ ሰንብቷል፤ ከሳቋ ያጎደለው ነገር የለም።

ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፣ ልብ እያለቀሰ እሱ ይስቃልና። የእኔን ግን ባዳ ማለት አቃተኝ። የፍንጭቴ አንዱ ግድግዳ ከፈረሰ በር የሚባል ነገር የለም፤ እናቴ ደግሞ ወደ እኔ የምትገባው በዚያች በር ነው። ፈራሁ። ለሞተ ጥርስ ይህን ያህል ደጅ መጥናት ምን ይሉታል ብዬ ራሴን እየተሳደብኩ፣ ነርቩ ይገደል አልኩ።

ሐኪሟ የመጀመሪያውን ቀን ሥራ ጨርሳ ስትለቀኝ በባጃጅ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ በቀጥታ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ማደንዘዣው ገና አልለቀቀኝም። እናቴ ቀና ብላ «እንደምን ዋሉ?» አለችኝ። ፈገግ ልል ሞከርኩ፤ ያበጠው የላይኛው ከንፈሬ አልነሣ ብሎ ወደ አንድ ጎን ተንጋደደ፤ ጥርሴ ጨርሶ አልታየም። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ልመላለስለት ቆርጬ ላድነው የተነሣሁትን ጥርስ ራሴው ከንፈሬ ውስጥ ቀበርኩት። እንባዬ መጣ።

እናቴ ፊቴን ትክ ብላ አየችው። እጇን ዘርግታ ያበጠውን ከንፈሬን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ማን መታሽ?» አለችኝ።

እርስዎ አላለችኝም። መልሴን ሳትጠብቅ ነጠላዋን አመቻችታ ልትነሣ ወንበሩን ተደገፈች።

«ጫማዬን አቀብዪኝ» አለች። «የማን ልጅ ነው?»