እታለም የሠራችው አምፕሊፋየር

የአውቶቡስ መናኸሪያው አምፕሊፋየር ጭሶ የሞተ ዕለት፣ ከሁሉ በላይ የተጎዳሁት እኔ ነኝ። ማይክሮፎን ይዤ «የስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ በር ሦስት» እያልኩ የምለፍፈው ሰው እኔ ነኛ። ሦስት ቀን ሙሉ ከበር አንድ እስከ በር ዘጠኝ እየሮጥኩ በባዶ ጉሮሮዬ ጮህኩ። በአራተኛው ቀን ድምፄ ጭራሽ ተዘግቶ ቤት ስገባ፣ እታለም የምላት ታላቅ እህቴ አየችኝና «እኔ እሠራላችኋለሁ» አለች።

እታለም ራዲዮ ጠጋኝ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የሰው ራዲዮ፣ የሰው ቴፕ፣ የሰው ቴሌቪዥን ስታድን ኖራለች። እጇን የሚያማ የለም። ነገር ግን ዕቃው ድኖ ሲሄድ የሚመሰገነው የሠራው ፋብሪካ ነው፤ እሷን ማን ያነሳታል? «ከባዶ ሳጥን ተነስቼ የሠራሁት አንድ ነገር፣ አንድ ቀን ሕዝብ መሀል ሲናገር መስማት እፈልጋለሁ» ትለኝ ነበር። ሌላ ምኞት ሰምቼባት አላውቅም።

ሥራ አስኪያጃችን ግን አዲስ ከሱቅ መግዛት ነው ያሰበው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ካርቶን የሌለው ዕቃ የማያምን ሰው ነው እንጂ። «እህትህ ጎበዝ ናት፣ አውቃለሁ። ግን ይሄ መናኸሪያ ነው፤ የሰው ሳሎን አይደለም» አለኝ። ደሜ ፈላ። ለምኜም ተቆጥቼም በመጨረሻ አስማማሁት፤ ሰኞ ረፋድ፣ ግርግሩ ሲጦፍ፣ የሱቁም የሷም ይሞከሩና የተሻለው ይግባ።

አሥራ አንድ ቀን ነበራት፤ በአሥራ አንዱ ቀን የሃያ ዓመት ወጣት መሰለች። ትራንስፎርመሩን ከተጣለ የማተሚያ ማሽን ፈታች፤ እሱን ተሸክሜ ሳመጣ ወገቤ ሊቆረጥ ምንም አልቀረው። ሳጥኑ አሮጌ የፋይል መሳቢያ ነው። የአምፕሊፋየሩን ጉልበት ስትፈትን በስፒከር አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ በጩኸት ይሰደድ ነበራ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክራ የአምፕሊፋየሩን ኃይል በስፒከር ፈንታ ወደ ሽቦው ትለቀዋለች። ውሃው ሲሞቅ አጥፍታው፣ እጄን ይዛ ባልዲው ውስጥ ከተተችና «አየህ ጉልበቱን? አየህ?» አለች። ጮቤ ረገጥኩ። ሙቅ ውሃ አይቼ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

በመጨረሻ ስፒከር ቀጥላ ማይክሮፎኑን ሰጠችኝ። «እስቲ ተናገር።» ተናገርኩ። እሷ ትነቅላለች፣ ትተክላለች፣ «ድገም» ትለኛለች። ሁለት ቀን እንዲህ ስንል ከርመን ድምፄ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ የሚያባብል ሆነ። ቁርጥ የሟቹ አባታችን ድምፅ ሆነ። እታለም መበየጃዋን አስቀምጣ አለቀሰች። «በቃ፣ እንዳትነኪው» አልኳት። እኔም አልቅሻለሁ፤ ምን ያሳፍራል።

ሰኞ ደረሰ። የሱቁ ሻጭ የራሱን አምፕሊፋየር እንደ ጋዜጣ ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ መጣ። ሰካነው፤ ተናገርኩ። ድምፄ ድስት ክዳን ሲወድቅ የሚሰማው ዓይነት ሆነ፤ ግን አልዋሽም፣ እያንዳንዷ ቃል በር ዘጠኝ ደረሰች።

ከዚያ የእታለምን ለሁለት ተሸክመን አገባነው። ተናገርኩ። የቆርቆሮ ጣሪያው ከአውቶቡሶቹ ሞተር ጋር አብሮ አጓራ። «በር ሰባት» ያልኩት ጉርምርምታ ብቻ ሆኖ ቀረ። መንገደኛው ጆሮውን ይዞ እርስ በርሱ ይተያያል። ሥራ አስኪያጁ ጫማውን ማየት ጀመረ።

እታለም እስከ በር ዘጠኝ ሮጣ ሄዳ ተመለሰች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ያንተን ድምፅ ላሳምር ብዬ ወፍራም ወፍራሙን አጎላሁት። የሞተሩም የጣሪያውም ድምፅ ወፍራም ነው፤ ዋጡት። ለመናኸሪያ መሥራት ሲገባኝ ለራሴ ጆሮ ሠራሁ።» ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ «አሥር ደቂቃ ይስጡኝ፣ ጌታዬ» አለችው።

ሻጩ ፈገግ አለ። እታለም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ክዳኑን ከፈተች፤ ድምፁ የሚያልፍባቸውን ሁለት ካፓሲተሮች ነቅላ፣ ወፍራሙን እንዲያስቀሩ በትንንሾች ተካች። ሥራ አስኪያጁ ቀስ ብሎ ከጎኗ ቁጢጥ አለና፣ ዓይኑን ከእጇ ሳያነሳ ሻጩን ጠየቀው።

«የእናንተንስ እንዲህ ከፍቶ ማስተካከል ይቻላል?»

«ኧረ ክዳኑ ከተከፈተማ ዋስትናው ይሰረዛል። ወደ ፋብሪካው ነው የሚላከው፤ ቢቆይ ሁለት ወር ነው።»

«ሁለት ወር ይሄ ሰውዬ ይጩህ?» አለ ወደኔ እየጠቆመ። የዚያን ጊዜ ያን ሰው አቅፌ ብስመው ደስ ባለኝ።

እታለም ክዳኑን ገጠመች። «ተናገር» ብላኝ ሳትጠብቅ ወጣች፤ በመስኮቱ ሳያት በሕዝቡ መሀል እየተጋፋች ወደ በር ዘጠኝ ትሄዳለች። የመጨረሻው ስፒከር ሥር ስትቆም ማይክሮፎኑን አነሳሁ።

«የአምስት ሰዓቱ አውቶቡስ ከበር ዘጠኝ ሊነሳ ነው።»

የአባታችን ድምፅ የለም። የኔው ሸካራ ድምፅ ነው፤ ግን የጠራ፣ ጣሪያውንም ሞተሩንም ሰንጥቆ የሄደ። በር ዘጠኝ የተቀመጠው ሕዝብ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። ሻንጣ ተነሳ፣ ልጅ ታዘለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሥራ አስኪያጁ የሻጩን ዕቃ አንስቶ መልሶ አስታቀፈውና «ያቺን ሴትዮ ጥሩልኝ» አለ።

እሷ ግን አልመጣችም። ስፒከሩ ሥር አንገቷን ቀና አድርጋ እንደቆመች ቀረች። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ዕቃ የተሸከመች መንገደኛ በክርኗ ገፋ አድርጋት «ምን ይገትርሻል፣ እህቴ? አልሰማሽም እንዴ? አውቶቡሱ ሊሄድ ነው እኮ» አለቻት።

«ሰምቻለሁ» አለቻት እታለም። «ሰምቻለሁ።»