ከተማዋን ማን ያበላታል

የምጣኔ ሀብት መምህርቷ ሙያዋን ያገኘችው በአባቷ መኪና ጋቢና ውስጥ ነው። አባቷ ሽንኩርት የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንዳንዴ ይዟት ይሄዳል። አንድ ማለዳ አትክልት ተራ ሲደርሱ ሰማዩ ገና መገርጣቱ ነው። መኪናው ተደርድሯል፣ ጎመኑ ተራራ አክሏል፣ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ ይተራመሳል። ልጅቷ አፏን ከፍታ ቀረች።

«አባዬ፣ ይኼን ሁሉ ማን አዘዘው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ከተማው ምን ያህል እንደሚበላ ማን ያውቃል?»

አባቷ መሪውን ወደ ተራው አዞረ። «እኔ እንጃ ልጄ። ሁሉም የራሱን ጉሮሮ ለመድፈን ነው የሚሮጠው።»

ነገሩ ከልቧ አልወጣ አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ ማታ ራቱን ይበላል፤ ለሁሉም ያሰበ አንድም ሰው ግን የለም። እናቷ «ባንክ ተቀጠሪና ጥላ ሥር ተቀመጪ» እያለች ብትወተውታትም፣ እሷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ምጣኔ ሀብት አጠናች፤ እዚያው መምህርት ሆና ቀረች።

አዲስ ተማሪዎች በመጡ ቁጥር የመጀመሪያ ትምህርቷን የምትሰጠው በጎህ፣ አትክልት ተራ ነው። እያዛጉ ይከተሏታል። አንድ ጊዜ አንዱ ቀልደኛ «ዶክተር፣ ሽንኩርት ለማየት ከሆነ እናቴ ጓዳም ሞልቷል» ቢላት፣ ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው እሷ ነበረች። ከዚያ ወደ ክምሩ እያመለከተች «ማን አዘዘው?» ትላቸዋለች። ግቢው ውስጥ ስሟ ተረስቶ «ማን አዘዘ» ተባለች።

አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ አትክልቱ የሚገባበትን ትልቁን ድልድይ ጠርጎ ወሰደው። «አለቀልን፣ ከተማው ሊራብ ነው» ተባለ። እሷ ረዳቶቿን ይዛ ገበያ ወረደች፤ የየቀኑን ዋጋ እየጠየቀች ሻጭ ከሻጭ ትዞር ጀመር። ሽንኩርት መጀመሪያ ዋጋው ሰማይ ነካ። ሳምንቱ ሳያልቅ ግን ከወዲያ ማዶ በጀልባ፣ ከምሥራቅ በጋሪ፣ ከዚያ በፊት ወደዚህ ዞር ብሎ ከማያውቅ አገር በመኪና ይጎርፍ ገባ። ጠሪ የለው፣ አዛዥ የለው። ወሬውን ያደረሰው ዋጋው ራሱ ነበር፤ መወደዱን የሰማ ሁሉ ሊሸጥ መጣ። ስታስተምረው የኖረችውን ነገር በዓይኗ ስታየው ባዶ ሣጥን ስባ ተቀመጠችና ትመለከት ጀመር።

ከረዳቶቿ አንዷ፣ ዝምተኛዋ፣ ቀረብ አለቻት።

«ዶክተር፣ እኛ ሰፈር ግን አልደረሰም።»

«የት ነው ሰፈርሽ?»

«ዳገቱ ላይ።»

አብረው ወጡ። የጉልት መደቦቹ ባዶ ናቸው። መንገዱ ለጋሪ አይመች፣ የነዋሪው ኪስ ነጋዴ አይጠራ። ያ ሁሉ የሽንኩርት ጎርፍ ከዳገቱ እግር ሥር ደርሶ ተመልሷል። መምህርቷ ዳገቱ ላይ ቆማ ቁልቁል የሚንጫጫውን ገበያ ስታይ፣ አሁንም እንደ ልጅነቷ ተደነቀች፤ የአሁኑ መደነቅ ግን ፍርሃት ነበረበት። ያ ታላቅ ገበያ ጆሮው የሚሰማው ኪሱ የሚናገርለትን ሰው ብቻ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ምርምሯ ሁሉ ወደ ዳገቱ ዞረ። ባልደረቦቿ «የደረስሽበትን ትተሽ ከሀ ልትጀምሪ ነው?» ሲሏት «አዎ» አለች እንጂ አልተከራከረችም። ከዝምተኛዋ ጋር ዓመታት ደከሙ፤ ጽሑፋቸው ሲወጣ አንብቦ ያስቀመጠው ብዙ፣ የሰማው ጥቂት ነበር። ከጥቂቶቹ አንዱ ግን የከተማው መሐንዲስ ሆነና፣ ዳገቱን የሚዞር የጋሪ መንገድ ተቆረጠ፤ አናቱም ላይ ትንሽ ገበያ ተከፈተ።

መምህርቷ ጡረታ በወጣች ማግስት፣ አሁን በእሷ ወንበር የምታስተምረው ዝምተኛዋ ክንዷን ደግፋ ወደዚያ ወሰደቻት። ቲማቲሙ፣ ጎመኑ፣ ሕፃን ያዘለው፣ ዋጋ የሚከራከረው፤ ሁሉም አለ። መምህርቷ መሐል መንገድ ላይ ቆማ ዓይኗን መንቀል አቃታት።

«እማማ፣ የማይገዙ ከሆነ መንገድ ይልቀቁ» አለቻት አንዲት ጎመን ሻጭ።

«ልክ ነሽ ልጄ» ብላ ወደ ጥግ ፈቀቅ አለች፤ ከዚያም ሆና ማየቷን ቀጠለች።