ማሽኑ ያልተቀበለው ዓመት

ጌትነትና እኔ ፒያሳ አንዲት ሱቅ ለሁለት ተካፍለን እንሠራለን፤ በስተቀኝ የእኔ ፎቶ ኮፒ፣ በስተግራ የእሱ የኮምፒውተር ጥገና። አሥራ አምስት ዓመት አብሬው ስቀመጥ አንድ አመሉን አልተወም። ደንበኛ የተበላሸ ማሽን ይዞ ሲመጣ ከማሽኑ በፊት የሚጠረጥረው ሰውየውን ነው። "ማሽን አይዋሽም፤ የሚዋሸው የነካው ሰው ነው" ይላል። ብዙ ጊዜ ልክ ስለሚሆን ማንም አይከራከረውም።

ይህንኑ አመል ይዞት ቤቱ ገባ። እናቱ እማማ አየለች ስኳር ሲገኝባቸው ከኮሶዬ አምጥቶ እሱ ዘንድ አኖራቸው። ኢንሱሊናቸውን ጧት ማታ ራሱ ይወጋቸዋል። ሆኖም ከኅዳር ጀምሮ ስኳራቸው አልወርድ አለ። ሐኪሙ መጠኑን ሁለት ጊዜ ቢጨምርም ለውጥ የለም። የውሃ ጥሙ ባሰ፤ የግራ እግራቸው አውራ ጣት ላይ የወጣችው ቁስል አልድን ብላ ዳሯ ጠቆረ። "እስከ ሰኞ ስኳሩ ካልወረደ ጣቱ ይቆረጣል፤ ከዘገየን እግሩም ያሰጋል" ተባለ።

ጌትነት እናቱን ጠረጠረ። ከዘመድ የመጣውን ማር ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን በኪሱ ይዞ ይዞር ጀመር። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት፣ "እማ፣ ማሩን በድብቅ ካልቀመስሽ ይኼ ቁጥር ከየት መጣ?" አላቸው።

"ምነው ልጄ፣ በማርያም፣ አልቀመስኩም" አሉና አንገታቸውን ደፉ። ያን ቀን በጓደኛዬ አፈርኩ፤ ግን እኔም ዝም አልኩ።

ጥር ሊያልቅ ሲል ሸዋአየሁ ደወለች። አዘዞ መድኃኒት ቤት አላት፤ የእማማ አየለችም መድኃኒት የሚገዛው ከእሷ ነው። ኮምፒውተሯ ላይ ሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች ስለተጫኑ፣ ሲነሣ "ዊንዶውስ ወይስ ሊኑክስ?" ብሎ ያስመርጣል። የመድኃኒቱ መዝገብ ዊንዶውሱ ላይ ነው። የግማሽ ዓመት ሪፖርቷን ግን ቫይረስ እንዳይበላባት ሊኑክሱ ላይ ትሠራለች፤ እሱን የምትከፍተው በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው። አሁን ብትከፍተው እንቢ አላት።

ምናልባት ስክሪኑ ይሆናል ብሎ ጌትነት ትርፍ ስክሪን አሸክሞኝ ሄድን። በዊንዶውስ ሲያስነሣው ጥርት ብሎ መጣ። በሊኑክስ ሲሞክር ግን ምስል የሚባል የለም፤ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ተደርድሮ ቀጥ አለ።

"ምን ነካሽበት?" አላት እንደ ልማዱ።

"ኧረ ምንም፣ አያ ጌትነት።"

ስክሪኑን ቀየረ። የምስል ካርዱን ነቅሎ፣ ጠራርጎ መለሰ። ሦስት ጊዜ አጥፍቶ አስነሣው፤ ያው ነው። ጽሑፉን ለማንበብ የታገሠው ከዚያ በኋላ ነው። ይኼ ዲስክ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው ገና ባልመጣ ቀን ነው ይላል፣ በእንግሊዝኛ። ነገሩ አልገባኝም።

ጌትነት የማሽኑን ቀን አወጣ። ዓመቱ 2017 ይላል።

"ታዲያ ልክ አይደል?" አልኩ።

በጣቱ ዓመቱን ጠቆመኝ። ማሽን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ በፈረንጅ ደግሞ ዘንድሮ 2025 ነው። ዊንዶውሱ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የሄደውን ቀን ዝም ብሎ ተቀበለው፤ ሊኑክሱ ነው አልቀበልም ብሎ የቆመው።

"ቀኑን ማን ሞላው?"

"እኔ ነኝ። ሐምሌ ላይ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ቀንና ሰዓት የሚይዘው የውስጥ ባትሪው ሞቶ ያስቀየርከኝ ጊዜ። ቀን ሲጠይቀኝ ደወልኩልህ፤ ማክሰኝት ለቅሶ ላይ ነበርክ። 'የዛሬን ቀን አስገቢና ቀጥዪ' አልከኝ። አስገባሁ።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በፈረንጅ አስገቢ ማለቱን ረስቶት ኖሯል። ሊስቅ ሞከረ። ቀኑን አስተካክሎ ዲስኩን አስፈተሸ፤ ሊኑክሱ ተነሣ። ትርፉን ስክሪን ታቅፌ ልወጣ ስል፣ ሸዋአየሁ መዝገቧን ለማየት ወደ ዊንዶውሱ ተመለሰች።

መዝገቡ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት በቀይ ያሳያል። ማሽኑ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር፣ ስድስት ወር ሙሉ አንድም ቀይ አልታየባትም ነበር። አሁን ገጹ ከላይ እስከ ታች ቀላ።

"እኔ እኮ ቀይ ካላሳየኝ እሰጣለሁ" አለች፣ ቀስ ብላ።

ጌትነት ማቀዝቀዣውን ራሱ ከፈተ። የኢንሱሊኑን ካርቶን ገልብጦ አነበበ፤ ኦገስት 2024 ይላል። ካለፈበት ስድስት ወር ሊሆነው ነው። ባዶ ብልቃጡን በየጊዜው የሚጥለው እሱ ነበር፤ አንድ ቀን አንብቦት አያውቅም።

"ለእናቴ ከዚህ ነው የምትሰጪኝ?"

"ከዚህ ነው" አለችና የደንበኞቿን ስልክ የጻፈችበትን ደብተር ፈልጋ አወጣች። ገጽ በገጽ እየገለጠች ኢንሱሊን ለወሰዱት መደወል ጀመረች።

ሌላ መድኃኒት ቤት ገብተን አዲስ ኢንሱሊን፣ ቀኑን ሁለታችንም አንብበን፣ ገዛን። ቀኑ ዓርብ ነበር፤ እስከ ሰኞ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ቀርተዋል።

ቤት ስንገባ እማማ አየለች እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ክፍሉ ሌላ ሽታ አለው፤ የቁስል ሽታ። ጌትነት ማሩን የቆለፈበትን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሊያስረክባቸው ወደ እሳቸው ሲሄድ ቁልፉን እጁ ላይ አዩት። አፉን ሳይከፍት ቀደሙት።

"ዛሬም አልቀመስኩም፣ ልጄ" አሉት።