የመልስ ቦታ የሌለው ወረቀት

በጣሊያን ጊዜ ጎንደር አራዳ ውስጥ ለጎልማሶች ሒሳብ አስተምር ነበር፤ እኔም በራሴ የተማርኩ ነኝ። የማስተምረው በድሮ የፈተና ወረቀት ነው፤ ደጋግሞ እንዲያገለግል የመልስ ቦታ አልተተወለትም።

ለአርበኛ ስንቅ ያቀበለ ይሰቀል ነበር። አንድ ቀን ወታደሮች ከነአስተርጓሚያቸው ገቡብን። አስተርጓሚው ወረቀቱን አንስቶ አነበበ፦

«አርባ ሰው በሦስት ቀን የሚጨርሰውን ስንቅ ስልሳ ሰው በስንት ቀን ይጨርሰዋል?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ስልሳው ሽፍታ የት ነው?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ፈተና እኮ ነው!»

«መልሱስ ታዲያ?»

ማስረዳት ስወድ! «መልሱማ በሌላ ወረቀት ነው የሚጻፈው» አልኩት።

«ልኩን የሚያውቅ ማነው?»

«ቀጥቃጩ አያ ካሳ ናቸዋ!» አልኩ ከፊት የተቀመጡትን ጎበዝ ተማሪዬን በኩራት እያሳየሁ።

ወታደሮቹ እጃቸውን የፊጥኝ ሲያስሯቸው አያ ካሳ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው ልጄ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»