ተማሪዬን የነጠቁኝ መሪጌታ

በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ባሕር ዳር አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ መካከል ነገር ቶሎ የማይገባት ወርቄ የምትባል ጎልማሳ ሴት ነበረች። ሦስት ወር ሙሉ ብለፋም «ሀ»ን ከ«ለ» መለየት አቃታት። አንድ ቀን ግን መጽሐፉን ገልጣ አነበበችልኝ!

«እንዴት ቻልሽ?» አልኋት።

«ከጎረቤቴ ከመሪጌታ ጋር እያጠናሁ ነው» አለችኝ።

ቅናት አንገበገበኝ። የለፋሁት እኔ፣ ምስጋናው ለሳቸው! ዘዴያቸውን ልይ ብዬ ሐይቁ ዳር ወዳለው ቤታቸው ሄድሁ። ሽማግሌው ደጃፍ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው አያዩም።

«የኔታ፣ ወርቄን እንዴት አድርገው አስተማሯት?» አልኋቸው።

ሳቁና መዳፋቸውን ዘረጉልኝ።

«እኔ ዓይኔ የጠፋው በልጅነቴ ነው፤ ቅኔውንም ዜማውንም የተማርሁት በቃሌ ነው። አንተ ያሳየሃትን ፊደል እዚህ ላይ እየጻፈች የምታስተምረኝ እሷ ናት» አሉኝ።